ሥራ ይቀየር ወይስ አሠራር?

ኤዲኤችዲ (ትኩረትን መግዛትና ረግቶ መሥራት የሚያስቸግር የአእምሮ ሁኔታ) ያለበት አዋቂ ሥራው አልሆን ሲለው የሚስማማውን ሌላ ሥራ ይፈልግ ወይስ ባለበት ሆኖ አሠራሩን ያስተካክል? ሁለት ጸሐፊዎች ተከራክረውበታል።

ሥራ ይቀየር ባይ፦ የኤዲኤችዲ ችግር ትኩረት አለመኖሩ ሳይሆን ትኩረቱ አለመታዘዙ ነው። ውጤቱ ወዲያው የሚታይ ሥራ ከሆነ ሰውየው ምግብ እስኪረሳ ይሠራል፤ ከሦስት ወር በኋላ የሚፈለግ ሪፖርት ከሆነ ግን እስከ መጨረሻዋ ሌሊት አይነካውም። ስለዚህ ሥራ ሲመረጥ የሙያው ስም ብቻውን አይረዳም። ነርስ ድንገተኛ ክፍልም መዝገብ ክፍልም ልትመደብ ትችላለች፤ ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ቃለ መጠይቅ ላይ "በዚህ ቦታ የሚሠራው ሰው ትናንት ቀኑን በምን አሳለፈ? ሥራዬንስ በየስንት ቀኑ ነው የምታዩት?" ብሎ መጠየቅ ነው። "እዚህ ማንም አይቆጣጠርህም፤ ዓመቱ ሲያልቅ እንገመግምሃለን" ከተባለ መልካም ዜና እንዳይመስለው።

አሠራር ይስተካከል ባይ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄዎቹን ወድጃቸዋለሁ፤ መነሻዎ ነው ያላሳመነኝ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የምርመራ መመሪያ ሰው ኤዲኤችዲ አለበት ለማለት ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመራቸውን፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታም መታየታቸውን ይጠይቃል። እንግዲህ ሥራ ቢቀየርም አብሮ የሚሄድ ነገር ነው። የድንገተኛ ክፍሏ ነርስም ፈረቃዋ ሲያልቅ መዝገብ መጻፍ አለባት፤ የምትወቀሰውም በዚያ ነው።

መጀመሪያ ሥራው የሚሰናከልበት ቦታ ይለይ። ለሁለት ሳምንት ያመለጠው ነገር ሁሉ ይጻፍ፦ መጀመር ነው ያቃተው፣ ረስቶት ነው ወይስ ጊዜውን አሳንሶ ገምቶ? መፍትሔው ለየቅል ነው። መጀመር ላቃተው "ሪፖርት መጻፍ" የሚል ማስታወሻ አይሠራም፤ "ፋይሉን ክፈት፣ የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ሙላ" የሚለው ይሠራል። የሦስት ወሩ ሪፖርት በየዓርቡ ተከፋፍሎ ለአንድ ሰው ይላክ፤ ከራስ ጋር ብቻ የተያዘ ቀጠሮ ያለ ሀፍረት ይዘለላል። በቃል የተሰጠ ትእዛዝ "የተስማማነው ይህ ነው" ተብሎ በሁለት መስመር ለአለቃ ይላክ። ማንቂያ ደወልም እጅ አጠገብ አይቀመጥ፤ "ይቺን ብቻ ልጨርስ" ተብሎ ይጠፋል፣ አለቀ።

ሥራ ይቀየር ባይ፦ እህቴ፣ አብሮ መሄዱን መች ካድኩ? የሚለያየው ሸክሙ ነው። ለነርሷ ጽሑፉ የሥራዋ ጭራ ነው፤ ለመዝገብ ሠራተኛው ግን ሥራው ራሱ ነው። የዘረዘሩት ዘዴ ሁሉ ደግሞ በራሱ ክትትል ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት በቀለም ያሸበረቀው ማስታወሻ ደብተር በሦስተኛው ሳምንት ከመሳቢያ አይወጣም።

አሠራር ይስተካከል ባይ፦ አምስቱን ባንዴ ከጀመረማ አይወጣም! አንዱን ይያዝ፣ ሲለመድ ሌላ ይጨመር። መድኃኒት የታዘዘለትም ሰዓቱን ይወቅ። ለኤዲኤችዲ ከሚታዘዙት አንዱ፣ ቶሎ የሚሠራው ሜቲልፌኒዴት፣ ከተዋጠ በኋላ የሚቆየው ለሦስት ወይም ለአራት ሰዓት ያህል ነው፤ ያን ጊዜ ኢሜይል ሲመልስ ካሳለፈው ከቀትር በኋላ ሪፖርቱን የሚጋፈጠው ባዶ እጁን ነው። ይህን ሳያስተካክል ቢለቅ አዲሱም ቦታ ጠዋቱን ለኢሜይል ይሰጣል።

ሥራ ይቀየር ባይ፦ ያስተካክል። ግን ደመወዙ ሳይቋረጥ፣ ጎን ለጎን ማመልከቻ ያስገባ። ተባሮ ሥራ የሚፈልግ ሰው የቀረበለትን ሁሉ ስለሚቀበል እነዚያን ጥያቄዎች ለመጠየቅ አፉ አይደፍርም።