ስለ ጆርጅ ዊዝ አሟሟት

ስለ ጆርጅ ዊዝ ሕይወት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ፣ ይህ የአሜሪካዋ ቨርጂንያ የሕግ ሰው የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ መፈረሙንና በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነውን ቶማስ ጄፈርሰንን ሕግ ማስተማሩን በሚገባ ቢያስረዳም፣ አሟሟቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል። በ1806 እ.ኤ.አ. ሪችመንድ በሚገኘው ቤቱ በአርሴኒክ ተመርዞ ሲሞት፣ ተጠርጥሮ የተከሰሰው አብሮት ይኖር የነበረው የእህቱ የልጅ ልጅ ነበር። ዊዝ ከባርነት ነጻ ያወጣት ምግብ አብሳይ ሊዲያ ብሮድናክስ (እርሷም ተመርዛ ለጥቂት የተረፈች ናት) ወጣቱ ከቡናው ማንቆርቆሪያ አጠገብ ቆሞ ወረቀት ወደ እሳቱ ሲጥል ማየቷን ብትናገርም፣ የቨርጂንያ ሕግ ጥቁሮች በነጭ ላይ እንዲመሰክሩ ስለማይፈቅድ ቃሏ በችሎት ሳይሰማ ቀረ፤ ተከሳሹም ከግድያው ክስ ነጻ ተባለ። ያን ሕግ በሚያስፈጽሙ ችሎቶች ለዓመታት በዳኝነት የተቀመጠው ደግሞ ራሱ ዊዝ ነበር። ሆኖም ከመሞቱ በፊት ኑዛዜውን አስለውጦ ወጣቱን ከውርስ ነቅሎታል።