ዕርቅ እንዲህ ቸኩሎ አይመጣም

ስለ አንድ የቤተሰብ ድራማ ፊልም ሂስ የጻፉ ጸሐፊ፣ ለዓመታት የተኮራረፉት እህትማማቾች አንዷ ኩላሊቷ ሲደክም ተቃቅፈው መታረቃቸውን «የማይመስል» ብለውታል። መተቃቀፉስ ይመስላል፤ የማይመስለው ፍጥነቱ ነው።

እናቴና ታላቅ እህቷ በአባታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው ስምንት ዓመት አልተነጋገሩም። አክስቴ አዘዞ፣ እኛ ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ፤ ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ መዋኛ ሲገጣጠሙ እንኳ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ይተላለፉ ነበር። አክስቴ የኩላሊት እጥበት መጀመሯን ስትሰማ እናቴ ሄደች። ይቅርታ የሚል ቃል አልወጣትም። «እታለም፣ አጥሚት ይዤልሽ መጣሁ» ብቻ አለች። ነርሷ ፈሳሽ በልክ መሆን እንዳለበት ስትነግራት ደግሞ በሲኒ እየለካች መስጠት ተማረች።

እጥበቱ በሳምንት ሦስት ቀን፣ እያንዳንዱም አራት ሰዓት ያህል ነው። ያን ሁሉ ሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠው መጀመሪያ ያወሩት ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ እሚታ እንሥራ፣ ውኃ ሲቀዱ ስለሰበሩት ነበር። የውርሱ ነገር የተነሳው በሦስተኛው ወር ነው፤ ሁለቱም አለቀሱ። ዳይሬክተሩ ያንን ረጅም መቀመጥ ቢያሳየን ኖሮ፣ እኔ መተቃቀፉን ሳላይም አምነው ነበር።