ሦስት ሲደመር ሁለት፦ ከመግቢያው ይልቅ ገንዘቡ ይታሰብበት

ይህ አስተያየት «ሦስት ሲደመር ሁለት» ስለሚባለው የትምህርት መንገድ ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ ነው። ጸሐፊው በአሜሪካ ሦስት ዓመት በሊበራል አርትስ ኮሌጅ (በልዩ ልዩ የዕውቀት ዘርፎች ሰፊ መሠረት በሚሰጥ ኮሌጅ)፣ ሁለት ዓመት ደግሞ በምህንድስና ትምህርት ቤት ተምሮ ሁለት የመጀመሪያ ዲግሪዎችን የመያዝን መንገድ ማስተዋወቃቸው መልካም ነው፤ ሆኖም «መግቢያው አስቀድሞ የተረጋገጠ ነው» ያሉት ለሁሉም አይሠራም። ለምሳሌ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መስፈርቱን ላሟሉ፣ በዚህ ፕሮግራም አብረውት ከሚሠሩ አጋር ኮሌጆች ለሚመጡ ተማሪዎች ይሰጠው የነበረውን የመግቢያ ዋስትና አንስቶ በውድድር ተክቶታል።

ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ገንዘቡ ነው። ኮሌጁ የሰጠው ስኮላርሺፕ ብዙውን ጊዜ ተማሪውን ተከትሎ ወደ ምህንድስና ትምህርት ቤቱ ስለማይሄድ፣ ልጃችን ሙሉ ድጋፍ አገኘች ብለው እፎይ ያሉ ወላጆች በአራተኛው ዓመት ዋዜማ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ እንደ አዲስ ለመሙላት ይገደዳሉ፤ ከኢትዮጵያ በኤፍ-ዋን (የተማሪ) ቪዛ የመጣ ተማሪ ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ብድርም ሆነ ግራንት (የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ) ስለማይፈቀድለት ክፍተቱ በእሱ ላይ ይሰፋል። አምስተኛው ዓመት ራሱ ተጨማሪ ወጪ መሆኑ ሳይረሳ ማለት ነው።

የኮርሶቹ ቅደም ተከተልም ቀላል አይደለም፦ ካልኩለስን በመጀመሪያው ሴሚስተር ያልጀመረ ተማሪ እስከ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ያለውን ተከታታይ የሂሳብ ትምህርት፣ ከፊዚክስ፣ ከኬሚስትሪና ከፕሮግራሚንግ ጋር፣ በሦስት ዓመት ለመጨረስ ይቸገራል።

ብዙዎች ሐሳባቸውን የሚቀይሩት ግን፣ በእኔ ግምት፣ ጓደኞቻቸው ሊመረቁ ሲሉ ከተማ መቀየሩ ስለሚከብዳቸው ነው። በዚህ ረገድ ሞርሃውስ፣ ስፔልማንና ክላርክ አትላንታ የተባሉት የትምህርት ተቋማት ምህንድስና ከሚያስተምረው ጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያላቸው ትብብር የተሻለ ይመስለኛል፤ ሁሉም የሚገኙት እዚያው አትላንታ ውስጥ ነውና።