ጠፍጣፋ ወይስ ሹል?

ጎንደር ከተማ ውስጥ ብዙ ውሃ አንድ ላይ ሚታየው ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ ሲሞላ ነው፣ ሌላ ጊዜማ ቧንቧ መጣች ሲባል ጀሪካን ይዞ መሯሯጥ ነው። ሰሞኑን ግን ስለ ጀልባ ማያውቅ ሰው አጣሁ በናታችሁ!

የአክስቴ ልጅና ጓደኞቹ የእቁብ ብራቸውን አዋጥተው ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ አሳ ሊያጠምዱ የአሉሚኒየም ጀልባ ሊገዙ ተነሱ። ሁለት ተገኘ። አንዷ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ አንዷ ደሞ ሆዷ ወደታች ሹል ያለ ቪ። ዋጋቸው ተቀራራቢ፣ ሁለቱም እንደ ብረት አይዝጉም። በቃ፣ ሰፈሩ ጠፍጣፌና ሹሌ ተባብሎ ለሁለት ተከፈለ።

ፒያሳ ማኪያቶ ላይ አንዱ የመኪና ደላላ ገና ሳትገዛ «ስትሸጧት ታወጣለች?» አለ። ቪትዝ ያስለመደን በሽታ ነው ይሄ። «መለዋወጫዋስ?» አለ ደሞ። ወንድምየ፣ እሷ ምን መለዋወጫ አላት፣ ሚበላሸው ሞተሩ ነው፣ እሱ ደሞ ለብቻው ነው ሚገዛው።

አክስቴ ወዲያው ጠፍጣፌ ሆነች፣ «ለንግሥ ስንሄድባት ድስቱ አይደፋም» ብላ። አሳ ማጥመጃ ናት ብንላትም አልሰማችም፣ ግን ሳታውቀው ልክ ናት፣ ጠፍጣፋ ጀልባ ቆማ እያለች ብዙ አትዋዥቅም፣ ሰው ተነስቶ መረብ ቢጎትትባት እንኳ ሹሏን ያህል አትንገዳገድም። ዋሽንግተን ያለው አጎታችን ደሞ በቪዲዮ ደውሎ «ቪ ግዙ፣ እኛ ጋ ሁሉም ቪ ነው» አለ፣ ኡበር እየነዳ። እሱም ማዕበል ትሰነጥቃለች ያለው እውነት ነው፣ ጠለቅ ብላ እንደምትሄድና ጠንከር ያለ ሞተር እንደምትፈልግ ግን አልነገረንም፣ ቤንዚኑን ሚከፍለው እሱ አይደለማ። መሀል ላይ አንዱ «ለመሆኑ አሳ በጾም ይበላል?» ብሎ ሌላ ጦርነት ከፈተና ጀልባዋ ጭራሽ ተረሳች።

በስንት ልመና 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርደን ጎርጎራ ሄድን። ዳር ላይ ደንገል እየጠፈሩ ታንኳ ሚሰሩ ሽማግሌ አገኘንና ሁለቱም ቡድን ባንዴ ጮኸባቸው። እሳቸው እጃቸውን ከስራው ሳያነሱ «መረብ ምትጥሉት የት ነው? ስንት ሰዓት ነው ምትመለሱ ልጆቼ?» አሉ።

ዝም። ደላላውም ዝም። ይሄን እስካሁን የጠየቀ ሰው አልነበረማ!

ጣና ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ ሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ንፋስ ሲነሳ ታዲያ ማዕበሉ አጭርና ተደራራቢ ይሆናል። ጠዋት ረጋ ብሎ ይውልና ከሰዓት ሲነፍስ ጠፍጣፋዋ ጧ ጧ እያለች ወገብ ትሰብራለች፣ መሀል ድረስ ሚገባ ሰው ሹሏን ይውሰድ። ዳር ዳር ደንገሉ ስር ቆሮሶና አምባዛ ሚፈልግ ግን ትንሽ ውሃ ላይ ምትንሳፈፈው ጠፍጣፋዋ ትበቃዋለች። እምቦጩ እንደሆነ አያዳላም፣ የሁለቱንም ፕሮፔለር ነው ሚጠመጥመው።

የኛዎቹ እቅድ ዳር ላይ መረብ ጥሎ ሳይነፍስ ጠዋት መመለስ ነው። ስለዚህ የተገዛችው፣ እንደምትገምቱት፣ ሹሏ ነች፣ ፎቶ ላይ ታምራለች ተብሎ።

አሁን ጭቅጭቁ ጎኗ ላይ ምን ይጻፍ ሆኗል፣ ግማሹ ፋሲል ይላል ግማሹ ምንትዋብ፣ አክስቴ የታቦት ስም ካልሆነ አልሳፈርም ብላለች። ሞተር ገና አልተገዛም፣ የሞተሩ ብር ለቀለም ወጥቷል።