ክርክር፦ የሃምቡርግን ወደብ የሚወክለው የቱ ነው? ኤልብፊልሃርሞኒ ወይስ አሮጌው የኤልብ ዋሻ

የመከራከሪያ ሐሳብ፦ «የሃምቡርግን ወደብ ዛሬ የሚወክለው ሕንፃ ኤልብፊልሃርሞኒ ነው።» ኤልብፊልሃርሞኒ በኤልብ ወንዝ ዳር ያለ የኮንሰርት ሕንፃ ነው፤ አሮጌው ዋሻ ደግሞ በወንዙ ሥር የሚያሻግር ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ

መርከበኛ ከሩቅ የሚለየው የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያንን የ132 ሜትር ማማ ነው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እሱ የከተማው ምልክት ነው፤ እዚህ የምንከራከረው ስለ ወደቡ ነው።

የኮንቴይነሩ ሥራ ወደ ወንዙ ማዶ ከተሻገረ ቆይቷል። በከተማው በኩል ያለው ዳርቻ ባዶ መጋዘን ታቅፎ ቀርቶ ነበር። ከነዚህ አንዱ ካይሽፓይሸር አ ነው፤ ከ1963 እስከ 1966 በቬርነር ካልሞርገን ንድፍ የተሠራ፣ ካካዎ፣ ሻይና ትምባሆ ይከማችበት የነበረ ግዙፍ የጡብ ሕንፃ። አርኪቴክቶቹ ሄርዞግና ደ ሜሮን አላፈረሱትም። በላዩ የኤልብፊልሃርሞኒን የመስታወት ሕንፃ ጫኑበትና ጫፉ 110 ሜትር ደረሰ።

ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለመረዳት አዳራሹን ማየት ይበቃል። የመርከብ ጥሩምባ በሚጮኽበት አጠገብ ጸጥታ መሥራት ነበረባቸው። 12,500 ቶን የሚመዝነው ትልቁ አዳራሽ ከቀሪው ሕንፃ ተለይቶ በ362 የብረት ሞላ ጥቅሎች ላይ ተቀምጧል። ድምፅ በኮንክሪት ውስጥ ይሄዳልና፣ አንድ የተረሳ ብረት ወይም ክፍተቱ ውስጥ የፈሰሰ ሲሚንቶ ሁለቱን አካላት ቢያገናኝ ያ ሁሉ ሞላ ከንቱ ይሆናል። የውስጡ ግድግዳ 10,000 ያህል የጂፕሰም ሰሌዳዎች ለብሷል፤ ጉድጓድና ጉብታቸው በድምፅ ሊቁ ያሱሂሳ ቶዮታ ስሌት የተፈለፈለ ነው። ልሙጥ ግድግዳ ድምፁን ሰብስቦ ወደ አንድ ቦታ ይመልሳል፤ የተቦረቦረው ይበትነዋል። ከ2,100 መቀመጫዎች አንዱም ከሙዚቃ መሪው ከ30 ሜትር በላይ አይርቅም። 37 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አደባባይ ሲከፈት ደግሞ ኮንሰርት የማይገባ ሰውም በነጻ እንዲወጣበት ተደርጎ ነው።

መጋዘኑን አተረፉት፤ ወደቡንም ለሕዝብ መለሱት።

ተቃዋሚ

«መጋዘኑን አተረፉት» ይላሉ እህቴ። ምኑን? ውስጡ ተጠራርጎ ወጥቶ የቀረው የውጭው የጡብ ግድግዳ ነው። ካካዎው በነበረበት ዛሬ መኪና ቆሟል፤ መሐሉን ሰንጥቆ 82 ሜትር የሚረዝም ተንቀሳቃሽ ደረጃ ያልፋል። መጋዘኑ ጠንካራ ነውና ይሸከማል የሚለውም ወሬ ነው፤ የነበሩት 1,111 የመሠረት ምሰሶዎች ስላልበቁ ከ600 በላይ ተጨመሩ። መጋዘኑ አዲሱን ሕንፃ አልተሸከመም፤ አዲሱ ሕንፃ የመጋዘኑን ግድግዳ ለበሰ እንጂ።

ስለ ገንዘቡ ትንፍሽ አለማለትዎ አልገረመኝም። ከተማውን 77 ሚሊዮን ዩሮ ያስወጣዋል የተባለው ሥራ 789 ሚሊዮን አስወጣው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በኤፕሪል 2007 የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ በ2010 ይከፈታል ሲባል የነበረው ጃንዋሪ 11 ቀን 2017 ተከፈተ። ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም፤ የከተማው ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ አቁሞበታል። ንድፉ ሳይበስል ጨረታ ወጣ። ከተማው ከአርኪቴክቶቹ ጋር ለብቻ፣ ከሥራ ተቋራጩ ጋር ለብቻ ተዋዋለ። ስለዚህ ንድፍ በተቀየረ ቁጥር ሁለቱ ወገኖች ጣት ይቀሳሰራሉ፤ ሒሳቡ መሐል የቆመው ከተማ ላይ ያርፋል። በ2011 መጨረሻ በጣራው ደኅንነት ላይ ጭቅጭቅ ተነስቶ ሥራው ከአንድ ዓመት በላይ ቆሟል።

የወደቡ ሕንፃ ላንዱንግስብሩከን ከሚባለው የመርከብ ማረፊያ ዳር፣ ጉልላት ካለው ቤት ሥር ነው ያለው፤ በ1911 የተከፈተው አሮጌው የኤልብ ዋሻ። 24 ሜትር ጥልቀት፣ 426 ሜትር ርዝመት፣ እያንዳንዳቸው 6 ሜትር የሚሰፉ ሁለት ቱቦዎች። የመርከብ ፋብሪካ ሠራተኛ በከተማው በኩል ካለው የሳንክት ፓውሊ ሰፈር ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሽታይንቬርደር የሚሻገረው በጀልባ ነበር፤ ጭጋግ ሲወርድ ወይም ወንዙ በረዶ ሲሆን ጀልባው ይስተጓጎላል። መኪና የሚወርድበት ረጅም ቁልቁለት ለመሥራት ቦታ ስላልነበረ ሰውም ጋሪም በአሳንሰር ወርዶ በወዲያኛው ጫፍ በአሳንሰር እንዲወጣ ተደረገ። እግረኛና ብስክሌተኛ ዛሬም ሳይከፍል ያልፋል። ይህ ነው ለሠራተኛው ክብር የተሠራ ሕንፃ።

ደጋፊ

«ለሠራተኛው ክብር»! ደግሜ አነበብኩት፤ እውነትም እንዲያ ይላል።

ወንድሜ፣ ዋሻው እንዴት እንደተቆፈረ ሳያውቁ ይህን ጻፉ ብዬ አላምንም። የወንዙ ውሃ እንዳይገባ ቁፋሮው የተካሄደው በታመቀ አየር ውስጥ ነው። ውሃን ለመመከት በየ10 ሜትሩ ጥልቀት በአንድ ከባቢ አየር ያህል ተጨማሪ ግፊት ያስፈልጋል። ሰው በዚያ ግፊት ሲሠራ ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ይሟሟል። በመውጫው ክፍል ግፊቱ ቀስ እያለ ካልቀነሰለት የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ይሆናል፤ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላል። በዚህ ሕመም ሦስት ሠራተኞች ሞተዋል። የሥራ ቦታው ሐኪም አርቱር ቦርንሽታይን በ1911 ከባልደረባው ጋር ያሳተመው ጥናት በታመቀ አየር ሕመም ምክንያት በመገጣጠሚያ ላይ ስለሚቀር ዘላቂ ጉዳት ነው። በ1909ም አየሩ የወንዙን ወለል በስቶ ወጥቶ ውሃው ከኤልብ ላይ ሽቅብ ተወርውሯል።

ክብሩ የቱ ጋ ነው? ሠራተኛው በሰዓቱ እንዲገባ የፈለገው ፋብሪካው ነበር። እርስዎ የሚናፍቁት አሮጌ ወደብ ይኸው ነው። ዩኔስኮ በ2015 የመዘገበው የሽፓይሸርሽታት የመጋዘን ሰፈርም በ1888 ሲመረቅ ቦታው የተገኘው 20,000 ያህል ነዋሪ ተነስቶ ነው። ለዚህ ማንም አያለቅስም፤ ጡቡ ቀይ፣ ፎቶው ያማረ ነዋ!

ስለ እድሳት ካነሳንም፣ የዋሻው የምሥራቁ ቱቦ በ2019 እስኪከፈት ከታሰበው በላይ ዓመታትና ገንዘብ በልቷል፤ በብረት ቀለበቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያለው የእርሳስ መድፈኛ መታደስ ነበረበት። ውሃ የሚያሳስቀው እኛን ብቻ ነው?

ተቃዋሚ

ስለ ሕክምናው ትምህርት እናመሰግናለን። የጠየቅኩት ግን ሌላ ነበር። ከ1966ቱ መጋዘን ውስጥ ምን ተረፈ? አንድ ወለል ያሳዩኝ። አንድ ብቻ።

«ለሕዝብ መለሱት» ያሉትንም ለማየት ከአደባባዩ በላይ ቀና ማለት ይበቃል። ሆቴል አለ። በምዕራቡ ጫፍ ደግሞ የግል አፓርታማዎች አሉ፤ ወንዙ ላይ የሚያዩት መስኮቶች የነሱ ናቸው። ሕዝብ እስከ 37 ሜትር ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ቁልፍ ወይም ቲኬት ይጠየቃል።

ደጋፊ

ወለል፣ ወለል! የካካዎ ከረጢት ብርሃን አያስፈልገውም፤ ስለዚህ የመጋዘኑ መስኮቶች ጠባብ ቀዳዳዎች ናቸው፣ ወለሎቹም ለዕቃ የተለኩ ናቸው። ያንን ወለል እንዳለ ይዞ ደረጃና የመለማመጃ ክፍል ማስገባት አይቻልም። ግድግዳው ስለቀረ ነው ቀዳዳዎቹ እንደነበሩ የሚታዩት።

ደግሞስ ካልሞርገን ራሱ ምን አደረገ? እዚያው ቦታ ላይ በ1875 የተሠራ ባለማማ መጋዘን ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አወደመው፤ ከፍርስራሹ የቀረውም በ1963 ፈርሶ ነው የእርስዎ «እውነተኛ መጋዘን» የተሠራው። ከማማው ምን ተረፈ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ወደብ ላይ ሕንፃ የሚቆየው ሥራውን ሲቀይር ነው። ዋሻዎም ቢሆን ዛሬ የሚያሻግረው ካሜራ ያንጠለጠለ ቱሪስት ነው።

እኔ ሦስት ሰው ሞቷል ስል «ስለ ትምህርቱ እናመሰግናለን» ብሎ ማለፍ ከእርስዎ የምጠብቀው አልነበረም።

ተቃዋሚ

ቱሪስትም ይሁን፣ ብስክሌተኛም ይሁን፣ ዋሻው በ1911 ሲያደርግ የነበረውን ዛሬም ያደርጋል፤ ሰው ያሻግራል። ሥራውን ሳይቀይር ቆይቷልና ሕግዎ እዚህ ላይ አልሠራም።

ስለ ሞላዎቹም ቀደም ብዬ ልጽፍ ይገባኝ ነበር። የወደቡን ድምፅ ላለመስማት 362 የሞላ ጥቅል ያስፈለገው ሕንፃ የወደቡ ወኪል ነው ይሉናል! መርከቡ ሲጮኽ የማይሰማ ወኪል።

789ኙን ሚሊዮን ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ።

ደጋፊ

ሦስተኛ አይደለም፤ ከዚህ በፊት ያነሱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ተመልሰው ይቁጠሩ። የእርስዎም ሒሳብ እንደ ከተማው ሒሳብ ሳይታሰብ ያድጋል።