እንግዳ የማይመልሰው ጣት

ባሕር ዳር ውስጥ ሐውልት ሊቆምላቸው የሚገባ ሰው አሉ። ጎረቤቴ ጋሼ ናቸው። በኢሜይል የመጣ የእንኳን አደረሰዎ ካርድ ሳይከፍቱ አልፈው አያውቁም። አንድም ቀን! «ደጃፍ ድረስ የመጣ እንግዳ እንዴት ይመለሳል?» ይላሉ። እኔ እንዲህ ያለ ደግ ጣት አይቼ አላውቅም።

ባለፈው አንድ ካርድ መጣላቸው። «ከአንድ ወዳጅዎ የገና ካርድ ደርሶዎታል» ይላል። የትኛው ወዳጅ? አይልም። የእውነት ካርድ የላከ ሰው ስሙን ይጽፋል፤ ጋሼ ግን እንግዳን ስምህ ማነው ማለት ነውር ነው ብለው ያደጉ ሰው ናቸው። ቀኑ ደግሞ ታኅሣሥ 16 ነበር። የእኛ ገና 29 መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ጾም ላይ ናቸው እኮ! «ለካ ፈረንጅ ወዳጅም አለኝ» ብለው ደስ አላቸው።

ሲከፍቱት አበባም ሻማም የለም። «ካርድዎን ለማየት የኢሜይል አድራሻዎንና የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ» አላቸው። አስገቡ። ካርዱ አልመጣም። ኔትወርኩ ነው ብለው ደግመው አስገቡ። ጽናት ማለት ይኼ ነው!

ሌላ ጊዜ ካርዱ ከኢሜይሉ ጋር ተያይዞ የመጣ ፋይል ነበር። የስሙ መጨረሻ «ኢኤክስኢ» (.exe) ይላል። እንዲህ የሚያልቅ ፋይል ሥዕል አይደለም፤ ሲነኩት ኮምፒውተሩ ላይ ሥራ የሚጀምር ፕሮግራም ነው። ጋሼ ነኩት። የሰፈሩ ልጆች ዲግሪ ይዘው ተቀምጠው ካርዱ ሥራ ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ2007 «ከቤተሰብዎ አባል ካርድ ደርሶዎታል» እያለ ዓለምን የዞረ ተንኮለኛ ፕሮግራም ነበር። ስቶርም ይሉታል፣ ማዕበል ማለት ነው። የገባበትን ኮምፒውተር ባለቤቱ ሳያውቅ ሎሌው ያደርግና ሌላ ኢሜይል ያስልከዋል። የዘጌ ታንኳ ቀዛፊ ሰማዩን ሳያይ ጣና ላይ አይወጣም። ጋሼ ግን ቀዛፊ አይደሉም፤ ሰማይ ማየት ምን በወጣቸው!

እንቦጭም እኮ እንዲሁ ነው የገባው። አበባው ያምራል። ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ብዙ አገር የደረሰው ለጌጥ እየተባለ ነው። ሐምራዊውን አበባ እኔም ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ አልዋሽም። በኋላ ነው ስንት ሰው ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው የዋለው።

የጋሼ ደግነት በኢሜይል ብቻ አልቀረም። ለእንቁጣጣሽ ቴሌግራም ላይ «ስጦታ አለዎት፣ ስልክዎ ላይ የደረሰውን ኮድ ይላኩልን» ተባሉ። ላኩ። ለካ ኮዱ የቴሌግራማቸው መግቢያ ቁልፍ ኖሯል። ማታ ላይ በእሳቸው ስም ለሰፈሩ ሁሉ «አስቸኳይ ብር ፈልጌ ነበር፣ ነገ ጠዋት እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ገባ። ጋሼ በዕድሜያቸው ሙሉ ብድር ጠይቀው አያውቁም። ዕድሜ ለቴሌግራም፣ ይኼንንም አዩት።

የእህታቸው ልጅ ግን ንፉግ ነው። ሊንክ ሲመጣለት ጣቱን ጫን አድርጎ ይይዝና ወዴት እንደሚወስደው አድራሻውን ያነባል። አንዲት ፊደል ከተዛነፈች ይሰርዘዋል። ላከ የተባለው ሰው ዘንድ ይደውልና «ካርድ ልከህልኛል እንዴ?» ብሎ ያፋጥጠዋል። ቴሌግራሙንማ ከኮዱ ሌላ በሁለተኛ የይለፍ ቃል ቆልፎታል። በዓልን በቁልፍ የሚያከብር ልጅ! የማን ቤት ነው ያደገው?

ይኼን እየጻፍኩ ሳለ እኔም ኢሜይል ገባልኝ። «ከአንድ ወዳጅዎ ካርድ ደርሶዎታል»። አድራሻው የጋሼ ነው። የእህታቸው ልጅ ክፋት ተጋብቶብኝ መሰለኝ፣ ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ ካርድ ልከውልኛል?»

«እኔ? ኧረ ምንም አልላክሁም።»

ትንሽ ዝም አሉ።

«ግን እስቲ ክፈተውና ምን እንደሚል ንገረኝ።»