የልጆችን ለስላሳ ፀሐይ አታስመቱት

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል የወረደ ሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ጃኬቱን ያወልቃል። አብሮት በመኪና የወረደው የለስላሳ እሽግ ግን ሱቅ በር ላይ ይደረደራል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠብሰው ይውላል፤ ከዚያ ፍሪጅ ገብቶ ለልጅ ይሸጣል።

ብዙ ለስላሳዎችና የፕላስቲክ ጁሶች ውስጥ ሶዲየም ቤንዞኤት አለ። መጠጡን ሻጋታና እርሾ እንዳያበላሸው ይጨመራል፤ መለያው ላይ ኢ 211 ተብሎም ይጻፋል። በተፈቀደው መጠን ብቻውን ሲሆን ብዙም አያስደነግጥም። ጣጣው የሚመጣው ከቫይታሚን ሲ ጋር ሲገናኝ ነው። ሁለቱ ኮምጠጥ ባለ መጠጥ ውስጥ ሆነው ሙቀትና ብርሃን ሲያገኛቸው ቤንዜን የሚባል ኬሚካል ሊፈጠር ይችላል። መኪና የሚቀዳውን ቤንዚን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ውስጥም ግን አለ። ቤንዜን የደም ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ አሜሪካ ውስጥ ሲመረመር፣ በአንዳንድ ለስላሳዎች ለመጠጥ ውሃ ከተፈቀደው በላይ ቤንዜን ተገኝቶ አምራቾቹ አሠራራቸውን ቀይረዋል። መጠኑ ብዙውን ጊዜ ትንሽ ነው፤ አንድ ጠርሙስ የጠጣ ልጅ ታመመ ማለት አይደለም። በየቀኑ የሚጠጣው ነው የሚያሳስበኝ። ደግሞ የሚገርመው፣ እናት «ቫይታሚን ሲ አለው» የሚለውን አይታ ይሻላል ብላ የምትመርጠው መጠጥ አንዳንዴ ያው ሁለቱን የያዘው ነው።

ቀለሙም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዙ ሳውዝሀምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ6 ቀለሞችንና የዚሁ ቤንዞኤት ድብልቆችን ለልጆች አጠጥተው ቅብጥብጥነት ሲጨምር አይተዋል። ከየትኛው እንደመጣ ጥናቱ አልለየም። የአውሮፓ ኅብረት ግን ከ2010 ጀምሮ በ6ቱ ቀለሞች ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አስገድዷል። የስኳሩን ነገር እንተወው፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ተቆጣጣሪዎች ሱቅ ሲገቡ የመጠቀሚያ ጊዜውን ብቻ አይተው ባይወጡ ጥሩ ነው። ቀኑ ያላለፈበት ጠርሙስም ፀሐይ ላይ ከርሞ ሊሆን ይችላል። ከሮቢት እስከ አጣዬ ያላችሁ ባለ ሱቆች፣ እሽጉን ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ቦታ ከጠበበ ሸራ ወጥሩበት። ወላጆችም መለያው ላይ ሶዲየም ቤንዞኤትና አስኮርቢክ አሲድ (ያው ቫይታሚን ሲ ነው) አብረው ካያችሁ፣ ጠርሙሱም በር ላይ የዋለ ከሆነ፣ ይቅርባችሁ። ፍሪጅ ያቀዘቅዘዋል እንጂ አንዴ የተፈጠረውን ቤንዜን አያጠፋውም።